ሳይጠይቁ ማብላት፦ የደጀ ሰላም ታሪክ ከቡሬ እስከ ግሽ ዓባይ

“ከየት ነህ?” የምትለው ጥያቄ ድሮ የወግ መጀመሪያ ነበረች። አውቶቡስ ላይ አጠገባችን የተቀመጠ ሰው ይጠይቀናል። ለቅሶ ቤት ይጠየቃል፣ ፀጉር ቤት ይጠየቃል፣ ጠበል ወረፋ ላይ ይጠየቃል። መልሱን ስንሰጥም “ውይ! አክስቴ እኮ እዚያ ነው ያገባችው” ተብሎ ዝምድና ይፈለጋል። ዛሬ ግን የጥያቄዋ ጠባይ ተለውጧል። ኬላ ላይ፣ የኪራይ ቤት ስንፈልግ፣ ሥራ ስንቀጠር “ከየት ናችሁ?” ስንባል ከመመለሳችን በፊት የጠያቂውን ዓይን እናያለን። ምን ብንል ይሻለን ይሆን? ዝም ብንልስ ምን ይጠረጥሩናል?

የዛሬው ጽሑፋችን ይህችን ጥያቄ ቢያንስ አንድ ቁራሽ እንጀራ እስኪበላ ድረስ ስላዘገየ የቆየ ሥርዓት ነው። ሥርዓቱን ከተማ ውስጥ ያደግን ልጆች በስም እናውቀዋለን፤ ሲሠራ ያየነው ግን ጥቂቶች ነን። የሚገኘው በገጠር ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ነው። ለምሳሌ የምንወስደው ደግሞ ቡሬንና ዙሪያዋን፣ የምዕራብ ጎጃምን አገር ነው። “ቡሬ ደግሞ ምን ተገኘባት?” የምትሉ አንባቢዎች ትንሽ ታገሡን።

የመንገደኛ ከተማ

ቡሬ ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ወደ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ትገኛለች። ከእሷ ሌላ መንገድ ተገንጥሎ ቆላውን ወርዶ፣ ዓባይን ተሻግሮ ወደ ነቀምት ይሄዳል። ይህ መስቀለኛነቷ የዛሬ አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከዓባይ ማዶ፣ ከጉዱሩ ገበያዎች የሚነሡ ሲራራ ነጋዴዎች በባሶና በቡሬ በኩል አድርገው ወደ ጎንደር ይወጡ ነበር። ወደ ሰሜን ቡና፣ ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስና ዝባድ ይጫናል። ወደ ደቡብ አሞሌ ጨው ይወርዳል። (በዚያው መንገድ ሰውም ይነዳ ነበር፤ እሱን ወደ ኋላ እንመለስበታለን።)

ጣሊያንም የቡሬን ጥቅም ስላወቀ ምሽግ ሠራባት። በ1933 ዓ.ም ንጉሠ ነገሥቱን ይዞ ከሱዳን በኦሜድላ የገባው ጦር በዊንጌት መሪነት ከአርበኞች ጋር ሆኖ በዚሁ መስመር መጣ። የካቲት 25 ቀን 1933 ዓ.ም የጣሊያን ጦር ቡሬን ለቆ ወደ ደንበጫ ሸሸ። ነጋዴ፣ ወታደር፣ ተማሪ፣ ስለተኛ፣ ሾፌር... ቡሬ ሁልጊዜም የማታውቀው ሰው የሚያልፍባት ከተማ ናት።

ከቡሬ ወደ ደብረ ማርቆስ መለስ ሲሉ ማንኩሳ አለች። “ፍቅር እስከ መቃብር”ን ያነበበ ሁሉ ማንኩሳን ሳይረግጣት ያውቃታል፤ ልብ ወለዱ የሚጀምረው ከእሷ ነው። ትንሽ እልፍ ሲሉ ደግሞ ፍኖተ ሰላም። ግእዙን ወደ አማርኛ ብንመልሰው “የሰላም መንገድ” ማለት ነው። እንግዲህ የሰላም መንገድ ካለ የሰላም በር መኖር አለበት። እሱም አለ። በየደብሩ አጥር ላይ ያለው መግቢያ ደጀ ሰላም ይባላል፤ የሰላም ደጅ።

ግቡ እንጂ!

ገና የጋዜጠኝነት ተማሪዎች ሳለን ሦስት ሆነን ወደ ቡሬ ገጠር ወርደን ነበር። አንድ እሑድ ጠዋት በዛፍ የተከበበ ክብ ቤተ ክርስቲያን ከሩቅ አየንና ወደዚያው አመራን። ቅዳሴው አልቋል። ሰው ከመቅደሱ ዙሪያ ወጥቶ ወደ አንዲት ሣር ቤት እየሄደ ነው። እኛ ጂንስ ለብሰናል፣ ካሜራ ይዘናል፣ ከሦስታችን አንዷ ሙስሊም ናት። ማንንም አናውቅም፤ የሚያውቀንም የለም። “ፈቃድ አላችሁ ወይ? ከየትኛው መሥሪያ ቤት ነው የመጣችሁት?” የሚል ሰው እየጠበቅን ከደጁ ላይ ቆምን።

የመጣችው ግን አንዲት እናት ናት። “ምነው ልጆቼ ከደጅ ትቆማላችሁ? ግቡ እንጂ!” አሉን። ገባን። ተነሥተውልን መደብ ላይ ተቀመጥን። አንድ ቄስ ዳቦውን ባርከው ቆረሱ። ዳቦ ደረሰን፣ ንፍሮ ደረሰን፣ የዳጉሳ ጠላ በጣሳ ደረሰን። ጓደኛችን ጠላውን ስትመልስ “ምነው?” አሏት። “ሙስሊም ነኝ” አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። ለአፍታ ዝም ተባለ። ከዚያ ያቺው እናት ወጥተው በሰፌድ ሽምብራ ቆሎ፣ በንጹሕ ጣሳ ውኃ ይዘው ተመለሱ። “እንዲያማ ከሆነ ጾምሽን ልትሄጂ ነው እንዴ?” ብለው አስቀመጡላት። ከየት እንደመጣን የጠየቁን ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ ሁለተኛው ጠላ ሲቀዳ ነው።

ከተማ ስንመለስ ወሬውን ለሰው ስንነግር ብዙዎች “የአገራችን ሕዝብ እኮ ደግ ነው!” አሉን። ደግ ነው፤ ማን ይክዳል? ግን ይህ መልስ አላረካንም። ደግነት ብቻ ቢሆን ኖሮ ያቺ እናት ከየት አምጥተው ያበሉን ነበር? ዳቦው ተጋግሮ፣ ጠላው ተጠምቆ፣ መደቡ ተጠርጎ የጠበቀን ማን እንደሚመጣ ታውቆ ነው? ይህን ስንጠይቅ ነው ታሪኩ የሚጀምረው።

የደግነት መዋቅር

ያን ቀን የተቀመጥንባት ቤት የሰንበቴ ቤት ናት። ሰንበቴ ማለት በአንድ አጥቢያ ያሉ ምእመናን የሚያቆሙት ማኅበር ሲሆን አባላቱ እሑድ እሑድ ተራ እየገቡ እህሉንና ጠላውን ያመጣሉ። ተረኛው አስቀድሞ ይታወቃል። ካህናቱ ይበላሉ፣ አባላቱ ይበላሉ፣ ድኻው ይበላል፣ በመንገድ ያለፈውም ይበላል። እንግዳ ሲመጣ የሚደነግጥ ሰው የለም፤ እንግዳው ገና ሳይመጣ ታስቦለታልና። በወር አንድ ቀን በቅዱሳን ስም የሚጠጣው የጽዋ ማኅበርም፣ ዝክሩም፣ ተዝካሩም በዚሁ መንፈስ የተሠሩ ናቸው። አዲስ አበባ ውስጥም በብዙ አድባራት ግቢ የሰንበቴ ቤቶች አሉ፤ ብዙዎቻችን በአጠገባቸው ወደ ታክሲ እየሮጥን እናልፋለን።

የቤተ ክርስቲያኑ አሠራርም ለዚሁ የተመቸ ነው። ክቡ ሕንፃ በሦስት ይከፈላል፦ ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስት፣ መቅደስ። መቅደሱ ውስጥ የሚገባው ጥቂት ሰው ነው። ሕንፃው እንዲህ ጠበብ እያለ ወደ ውስጥ ሲሄድ፣ ግቢው ደግሞ ሰፋ እያለ ወደ ውጭ ይሄዳል። ከሕንፃው ውጭ ዐውደ ምሕረት አለ፤ ከዚያ የዛፉ ጥላ፤ ከዚያ አጥሩ፤ ከዚያ ደጀ ሰላሙ። ወደ ውስጥ መግባት የማይፈልግ ወይም የማይገባው ሰው ዛፍ ሥር ቆሞ ያስቀድሳል። እስከ በሩ የደረሰ በሩን ተሳልሞ ይሄዳል። ማንም ሰው የሚቆምበት ቦታ አያጣም ማለት ነው። “ውጣ” ከመባል ይልቅ “እዚህ ጋ ቁም” የሚባልበት ግቢ ነው። ደጀ ሰላም የሚለው ቃል ራሱ ሁለት ነገር ይሆናል፤ በሩም ደጀ ሰላም ነው፣ በግቢው ውስጥ ለቤተ ክርስቲያን የመጣው እህል የሚበላበት ቤትም ደጀ ሰላም ነው። የሰላም በርና የማዕድ ቤት አንድ ስም ነው ያላቸው።

መዋቅር ብቻውን ደግሞ አይቆምም፤ የሚያቆመው ተረት፣ ሥዕልና ፍርሃት ይፈልጋል። የጎጃምና የጣና አብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ ላይ ሁለት ሥዕሎች ይዘወተራሉ። አንደኛው አብርሃም ሦስቱን እንግዶች ሲቀበል የሚያሳየው ነው። በእኛ አገር አተራረክ አብርሃም ያለ እንግዳ አይበላም። ሰይጣን ይህን አይቶ መንገድ ላይ ቆመና ራሱን ተፈንክቶ “አብርሃም ድሮ ቀረ፤ ዛሬ እንግዳ ይደበድባል” እያለ መንገደኛውን መለሰው። አብርሃም ሦስት ቀን ጾሙን ዋለ። በመጨረሻ ሦስት ሆነው የመጡለት ሥላሴ ናቸው። (ልብ በሉልን፦ በታሪኩ ውስጥ የሰይጣን መሣሪያ የሐሰት ወሬ ነው። ፌስቡክ ሳይኖር!)

ሁለተኛው ሥዕል የበላዔ ሰብእ ነው። ሰው በላ የሆነው ያ ሰው በሕይወቱ የሠራው አንድ በጎ ነገር ብቻ ነው፦ ለአንድ የተጠማ ድኻ በእመቤታችን ስም ጥርኝ ውኃ ሰጠ። በሚዛን ላይ ነፍሱ ስትመዘን ያቺ ጥርኝ ውኃ መዝና አዳነችው። የካቲት 16፣ በኪዳነ ምሕረት ቀን ይህ ታሪክ በየደብሩ ይታሰባል። የገጠሯ እናት ይህን ሥዕል ከልጅነታቸው ጀምሮ እያዩ ነው ያደጉት። አንድ ጣሳ ውኃ ለእሳቸው ተራ ውኃ አይደለም፤ ሚዛን ላይ የሚወጣ ነገር ነው።

አኮፋዳ የያዘው ልጅ

ሥርዓቱን ከማንም በላይ የፈተነውና ያጸናው ግን ሌላ ሰው ነው፦ የቆሎ ተማሪ። ጎጃም የቅኔ አገር ነው። ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዲማ ጊዮርጊስ፣ ደብረ ኤልያስ የሚባሉት ስሞች ከወሎ፣ ከሸዋ፣ ከትግራይ፣ ከጎንደር ተማሪ ይጠሩ ነበር። ተማሪው ለትምህርት ከተወለደበት ቀዬ ይርቃል። እናት አጠገብ ሆኖ ቅኔ አይዘልቅማ! ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ ለውሻው ዱላ ይዞ በየደጃፉ “በእንተ ስማ ለማርያም” ይላል። ያገኘውን ቁራሽ ይዞ ወደ ጎጆው ይመለሳል፤ ጎጆውንም የሠራው ራሱ ነው፣ ከየኔታ ቤት አጠገብ።

እስቲ ይህን በኢኮኖሚ ቋንቋ እናስበው። መንግሥት በጀት አልመደበም። የትምህርት ሚኒስቴር የለም። ለብዙ መቶ ዓመታት ግን በሺህ የሚቆጠሩ ተማሪዎች ዓመታት የሚፈጅ ትምህርት ተማሩ። ወጪውን የሸፈነው ማነው? ማንነታቸውን የማታውቃቸውን ልጆች በየቀኑ ቁራሽ የምትቆርስላቸው ገበሬ ሴት ናት። የተማሪው አገር አይጠየቅም። ልመናውም ነውር አይደለም፤ የሀብታም ልጅም ቢሆን ይለምናል፤ መለመኑ ራሱ የትምህርቱ አካል ነው።

ሐዲስ ዓለማየሁ ከዚህ ዓለም የወጡ ናቸው። በ1902 ዓ.ም ጎጃም ተወለዱ። ደብረ ኤልያስ፣ ደብረ ወርቅና ዲማ ጊዮርጊስ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ተማሩ። በኋላ አርበኛ፣ ዲፕሎማት፣ ሚኒስትር ሆኑ። በ1958 ዓ.ም ባሳተሙት “ፍቅር እስከ መቃብር” የማንኩሳውን በዛብህን የቅኔ ሰው ያደረጉት ያለ ምክንያት አይደለም። በየደጁ የተቆረሰው ቁራሽ በመጨረሻ የዘመናዊው አማርኛ ልብ ወለድ ሆነ ብንል አጋነንን?

ከዚህ ዓለም እማሆይ ገላነሽ ሐዲስም ወጥተዋል። በልጅነታቸው የዓይን ብርሃናቸውን አጡ። አባታቸው የቅኔ መምህር ነበሩና ከእሳቸው ቅኔ ተማሩ። በኋላም በዚያው በጎጃም ወንዶች ደቀ መዛሙርትን ሰብስበው ቅኔ አስተማሩ። ግን እሳቸው በሩ የተከፈተላቸው አባታቸው ከበሩ ውስጥ ስለነበሩ ነው። አኮፋዳ ይዛ ብቻዋን አገር ለአገር የምትዞር ልጃገረድ ይህ ሥርዓት አላሰበላትም።

ጫማህን አውልቅ

እንግዳ ሲባል ከሩቅም የሚመጣ አለ። ከቡሬ በስተ ሰሜን፣ ሰከላ ውስጥ ግሽ ዓባይ ትገኛለች፤ የዓባይ ምንጭ። ስፔናዊው ፔድሮ ፓኤዝ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 21 ቀን 1618 በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ምንጩን አይቶ ጽፎአል። ከ150 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 4 ቀን 1770፣ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ደረሰ።

ብሩስ በ1790 ባሳተመው ባለ አምስት ቅጽ መጽሐፉ ያን ቀን በዝርዝር ተርኮታል። ከቅዱስ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ካለበት ከፍታ ላይ ሆኖ መሪው ምንጩን ከታች አሳየው። የአካባቢው ሰዎች አንድ ነገር ብቻ ጠየቁት፦ ጫማህን አውልቅ። አወለቀና ቁልቁል ሮጠ፤ ሲሮጥም ሁለት ጊዜ ወደቀ። የምንጩ ጠባቂ የነበሩትን፣ ክፍለ ዓባይ ይባሉ የነበሩትን ሽማግሌ ተዋወቀ። ከእነሱ ዘንድም ሰነበተ።

ታሪኩን የሚያስገርመው ይህ ነው፦ ብሩስ ዝም ብሎ መንገደኛ አልነበረም። ንጉሡ ዳግማዊ ተክለ ሃይማኖት የግሽን መንደር ሰጥተውት ስለነበር የመጣው እንደ ባለ ርስት ነው። ሰዎቹ ግን ጫማውን አስወለቁት። ቦታው ከንጉሥ ወረቀት ይበልጣል ማለታቸው ነው። ከብሩስ 250 ዓመት በፊት ወደ ኢትዮጵያ የመጣው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝም ሕዝቡ ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ጫማ እንደሚያወልቅ፣ በቅሎ የተቀመጠም ሰው በቤተ ክርስቲያን አጠገብ ሲያልፍ እንደሚወርድ መዝግቧል። ጫማ ያወለቀ ሰው ቁመቱ እኩል ይሆናል። ጌታውም ሎሌውም በባዶ እግሩ ነው። እንግዳውን የሚያቀልለውም ይህ ነው፤ ባይተዋርነቱን ከጫማው ጋር ደጅ ይተወዋል።

ዛሬ ግሽ ዓባይ በአቡነ ዘርአ ብሩክ ስም ትታወቃለች። ጻድቁ መጻሕፍቱን ለዓባይ ውኃ አደራ ሰጡ፤ ከዓመታት በኋላ ሲጠይቁ ወንዙ ሳያርስ መለሰላቸው ይባላል። የእንግዳ አቀባበል ቁም ነገሩም ይኸው ይመስለናል። እንግዳ አደራ ነው። በመጣበት ሁኔታ፣ ሳይረጥብ፣ መመለስ አለበት።

በሩ ያልተከፈተላቸው

ይህን ሁሉ ስንጽፍ ያለፈውን ዘመን ገነት ለማስመሰል አይደለም። ደጀ ሰላሙ ለሁሉም እኩል አልተከፈተም። ብረት ቀጥቅጦ ማረሻ የሚሠራው፣ ሸክላ የምትሠራዋ፣ ቆዳ ፋቂውና ሸማኔው “ቡዳ” እየተባሉ ከማዕድ ይርቁ ነበር። የጠላው ጋን በእጃቸው ተሠርቶ፣ የቄሱ ነጠላ በእጃቸው ተሸምኖ እነሱ ግን ይታሙ ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም ባለ እጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ ማውጣታቸው ነውሩ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደነበር ይናገራል።

ቅድም እንመለስበታለን ያልነው ነገርም አለ። በቡሬ በኩል የሚያልፈው ሲራራ ባሪያ ይነዳ ነበር። በየደብሩ አጠገብ፣ በየሰንበቴ ቤቱ አጠገብ፣ ከዓባይ ማዶ የተፈነገሉ ሕፃናት አልፈዋል። ለመንገደኛው ዳቦ የሚቆርስ አገር እነሱን እንደ መንገደኛ አላያቸውም። ባርነት በሕግ ጨርሶ የተሻረው በ1934 ዓ.ም ነው። እንግዲህ “እንግዳ ተቀባይ ነን” ብለን ደረታችንን ከመንፋታችን በፊት እንግዳ ብለን የቆጠርነው ማንን እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል።

በሩ በጉልበት የተሰበረበትም ጊዜ አለ። ጎንደር ውስጥ የእጨጌ ቤት የሚባለው ሰፈር ሸሽቶ የገባ ሰው የማይነካበት መማጸኛ ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1859 ዓ.ም ጎንደርን ሲዘርፉና ሲያቃጥሉ አድባራቱም አብረው ጋዩ። ከሁሉ የከፋው ግን ደብረ ሊባኖስ ነው። በግንቦት 1929 ዓ.ም የግራዚያኒ ወታደሮች በማሌቲ አዛዥነት ገዳሙን የከበቡት በአቡነ ተክለ ሃይማኖት በዓል ሰሞን፣ ከየአገሩ እንግዳ በተሰበሰበበት ጊዜ ነበር። ፋሺስቶቹ ራሳቸው በሰነዳቸው ያመኑት ከ400 በላይ ሰው መግደላቸውን ነው። ታሪክ አጥኚው ኢያን ካምቤል ከ1,800 እስከ 2,200 እንደሚደርስ ገምቷል። መነኩሴውና ተሳላሚው፣ አስተናጋጁና እንግዳው አብረው ተረሸኑ። ገዳዮቹ “ከየት ነህ?” ብለው አልለዩም። የደጀ ሰላም ሥርዓት ሳይጠይቅ እንደሚያበላ ሁሉ ጭካኔም ሳይጠይቅ ይገድላል። ልዩነቱ ይህን ያህል ነው።

ያለ ተረኛ ሰንበቴ የለም

ወደ ዛሬው እንምጣ። ከ2015 ዓ.ም ነሐሴ ወዲህ አማራ ክልል ጦርነት ውስጥ ገብቷል። ነሐሴ 7 ቀን 2015 ዓ.ም፣ በእሑድ ቀን፣ ፍኖተ ሰላም ላይ በደረሰ ጥቃት ቢያንስ 26 ሰዎች መሞታቸውን የሆስፒታል ምንጮችን ጠቅሰው የዜና አውታሮች ዘግበዋል። የሰላም መንገድ በተባለች ከተማ! ከዚያ ወዲህ መንገድ መዝጋት፣ እገታ፣ ፍተሻ የሚሉ ቃላት በዚያ አገር የተለመዱ ሆነዋል። ሰው ሰውን ሲያይ መጀመሪያ የሚያስበው “ይኼ ደግሞ የማን ወገን ይሆን?” የሚለውን ነው። ጦርነት ከሚያፈርሳቸው ነገሮች አንዱ ይህ የጥያቄ ቅደም ተከተል ነው። ድልድይ ቢፈርስ በጀት ተመድቦ ይሠራል። “መጀመሪያ ይብላ፣ ከዚያ ይጠየቃል” የሚለው ልማድ ከፈረሰ ግን የትኛው መሥሪያ ቤት ይጠግነዋል?

እኛ ከተሜዎቹስ ብንሆን? “ብሔር” የሚል መስመር ያለበት የቀበሌ መታወቂያ ይዘን ያደግን ትውልድ ነን። ጎረቤታችንን በስም ሳናውቅ የምንኖርበት ኮንዶሚኒየም ውስጥ አዲስ ሰው ሲገባ መጀመሪያ የምናጣራው ማንነቱን ነው። ቡናው ከዚያ በኋላ ይመጣል፤ ከመጣ።

ከገጠሩ ደጀ ሰላም የምንማረው ነገር “ደግ እንሁን” የሚል ስብከት አይመስለንም። ደግነት በስሜት ላይ ከተመሠረተ ስሜት በተለወጠ ቁጥር ይለወጣል። ሰንበቴ ግን የተመሠረተው በተራ ነው። የሚያበላው ሰው ተረኛ ነው፤ ቢከፋውም፣ ቢደክመውም፣ ዘንድሮ እህሉ ቢያንስም ተራው ተራ ነው። አባቶቻችንና እናቶቻችን የእንግዳን ነገር ለልብ ብቻ አልተዉትም፤ ቀን ቆረጡለት፣ ቤት ሠሩለት፣ ዳኛ አደረጉለት፣ ግድግዳ ላይ ሣሉለት። ለዚህ ነው ማንም ያልጠበቃቸው ሦስት የከተማ ልጆች ከነካሜራቸው ቢመጡ ዳቦው ያልጎደለው።

ይህን አሠራር ከተማ ውስጥ መኮረጅ የሚከብድ አይደለም። ሃይማኖትም አይለይም። አንድ ብሎክ ውስጥ ያለን ወጣቶች በወር አንድ እሑድ ተራ ብንገባ፣ አዲስ የገባ ተከራይ፣ የግቢው ጥበቃ፣ ከክፍለ ሀገር ተፈናቅላ መጥታ ደረጃ ሥር የምትሸጠው እናት ሳይጠየቁ የሚቀመጡባት አንድ መደብ ብናዘጋጅስ? ሙስሊሙ የሚበላው፣ ጿሚው የሚበላው አስቀድሞ ቢታሰብበትስ? ድሮ በሩ ያልተከፈተላቸውን፣ ባለ እጁንና ብቻዋን የመጣችውን ሴት ልጅ ከመጀመሪያው ብንቆጥራቸውስ? ያኔ ሥርዓቱን መውረስ ብቻ ሳይሆን ማሻሻልም ይሆንልናል።

“ከፍትፍቱ ፊቱ” ይላሉ አበው። እውነት ነው፤ ግን ፊቱም ፍትፍቱም ተረኛ ይፈልጋሉ። “ከየት ነህ?” የምትለዋ ጥያቄ ወደ ቀድሞ ቦታዋ፣ ወደ ሁለተኛው ጣሳ ጠላ፣ የምትመለሰው አንድ ሰው ተነሥቶ “ይህ ሳምንት የኔ ተራ ነው” ሲል ነው።